የልብ ሕመምተኛ ሕፃን፦ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት በሽታዎች

ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው ይህን ዓይነት ቪዲዮ ሳያይ አይቀርም። እናት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። የሐኪም ወረቀት ለካሜራው ታሳያለች። ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፏል። «ልጄ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ አሳክሙልኝ» ትላለች። ሰውም ያቅሙን ይልካል። ይህ ደግነት ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ከቪዲዮው ሥር የሚጻፈው ነው። አንዱ «ቶንሲሉን ችላ ብላው ነው» ይላል። ሌላዋ «እርጉዝ እያለች ደንግጣ ይሆናል» ትላለች። «እንጥሉን በጊዜ ቢያስቆርጡት ኖሮ» የሚልም አይጠፋም። ልጁ ግን ገና የ6 ወር ሕፃን ነው። በዚያ ዕድሜ ቶንሲል ለልብ በሽታ አይዳርግም። እናቲቱ ያላጠፋችው ጥፋት ተሸከመች ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ የ12 ዓመት ልጅ በልብ ሕመም ሲወድቅ «አብሮት የተወለደ ነው፤ የእግዜር ሥራ ነው» ሲባል ይሰማል። የእሱ ሕመም ግን ከዓመታት በፊት በርካሽ መድኃኒት ሊቀር የሚችል ሊሆን ይችላል።

«የልብ ሕመም» በሚለው አንድ ስም ሥር ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ። መነሻቸው ይለያያል፣ የሚታዩበት ዕድሜ ይለያያል፣ መከላከያቸውም ይለያያል። ሁለቱን ማምታታት ደግሞ ልጆችን ይጎዳል።

አብሮ የሚወለደው

የመጀመሪያው ልጁ ገና በማሕፀን ሳለ የሚፈጠር የልብ አሠራር ጉድለት ነው። በዓለም ዙሪያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ በ8 ወይም በ9 ያህሉ ላይ ይታያል። ከ100 ወደ አንድ የሚጠጋ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። ሒሳቡን ማስላት ከባድ አይደለም፤ ጉድለት ይዘው የሚወለዱት በዓመት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ሁሉም ግን ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋቸውም።

ሰዉ «ልቡ ላይ ቀዳዳ አለው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ነው። ልብ አራት ክፍሎች አሉት። የግራው ወገን ደምን ወደ መላ ሰውነት ይገፋል። የቀኙ ወደ ሳንባ ይልካል። የግራው ጉልበት ይበረታል። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ቀዳዳ ካለበት ደሙ ከብርቱው ወገን ወደ ደካማው ይሾልካል። ሳንባም ከሚችለው በላይ ደም ይጎርፍበታል።

ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በታችኛዎቹ ክፍሎች መካከል የሚገኙ ትናንሽ ቀዳዳዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሳቸው ይዘጋሉ። ሐኪሙ «እየመጣችሁ እንከታተለው» ሲል ችላ ማለቱ አይደለም። ትልቅ ቀዳዳ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። ልጁ ሲወለድ ደህና ነበር። ክብደቱ ጥሩ፣ ጡት አጠባቡ ጥሩ። ወር፣ ሁለት ወር ሲሞላው ይከሳ ጀመር። ያኔ «ዓይን በላው» ይባላል። ምክንያቱ ግን እዚያው ሳንባው ውስጥ ነው። አዲስ በተወለደ ሕፃን የሳንባ ደም ሥሮች ገና ጥብቅ ናቸው። ስለዚህ ቀዳዳው ቢኖርም የሚሾልከው ደም ጥቂት ነው። በሳምንታት ውስጥ ደም ሥሮቹ እየላሉ ይሄዳሉ፤ ሹልኩም እየበረታ ይመጣል። ሕመሙ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሲወለድ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ተደብቆ ነበር።

መነሻውስ? በአብዛኞቹ ልጆች ላይ አንድ ለይቶ የሚታወቅ ምክንያት አይገኝም። የታወቁ አጋላጮች አሉ። በእርግዝና መጀመሪያ ወራት የሚይዝ ሩቤላ አንዱ ነው። ሩቤላ ብዙዎች «የጀርመን ኩፍኝ» የሚሉት ሕመም ነው። ቁጥጥር ያጣ የስኳር ሕመም፣ አልኮል፣ እንዲሁም ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ይጠቀሳሉ። ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ጉድለት አላቸው። ስለዚህ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ሁሉ ምልክት ባያሳይም ልቡ መታየት አለበት። ድንጋጤ፣ ቁጣ ወይም ያማረን ምግብ ማጣት ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

የሚመላለስ «የሳንባ ምች»

ዋናው የምርመራ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳንባው በደም የተጨናነቀ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ያስላል። ኢንፌክሽንም በቀላሉ ይይዘዋል። ከውጭ ለሚያየው ሰው የሳንባ ምች ነው የሚመስለው። ብዙ ጊዜም እውነተኛ የሳንባ ምች ተደርቦ ይገኛል።

በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምትሠራው በግልጽ መመሪያ ነው። የሕፃኑን አተነፋፈስ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥራለች። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነም ታያለች። ከዚያ ሕፃኑን እንደ ዕድሜውና እንደ ሁኔታው ታክማለች ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ማዳመጫም ራጅም በሌለበት ቀበሌ ይህ አሠራር የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል። የሳንባ ምች ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉ በሽታዎች አንዱ ነውና።

ግን ቆጠራው ፍጥነቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ሕፃኑ አሞክሲሲሊን ይወስዳል። ትንሽ ይሻለዋል። በወሩ ይመለሳል። እንደገና አሞክሲሲሊን ይወስዳል። ሦስተኛው ጊዜ ሌላ ባለሙያ፣ ምናልባትም ሌላ ጤና ጣቢያ ያየዋል። እያንዳንዱ ባለሙያ በዕለቱ ትክክል ሠርቷል። ልጁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየ ግን የለም።

ይህን አይቶ መመሪያው ይለወጥ የሚል ክርክር ይነሳል። አንቲባዮቲክ እየተበተነ ነው የሚሉ አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። በእኔ እምነት ግን ቆጠራውን ማዳከም ስሕተት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፤ «ይህ ስንተኛው ነው?» የሚል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ በሳንባ ምች የተመላለሰ ሕፃን ልቡን ሳይደመጥ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። የሚመላለስ ሳል የልብ ብቻ ምልክት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ፣ አስም፣ የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪም ሊኖሩ ይችላሉ። ለዚህም ነው ከፍ ወዳለ ምርመራ መላክ የሚያስፈልገው።

እናቶች ራሳቸው የሚያስተውሏቸው ምልክቶች ከማንኛውም መሣሪያ ቀድመው ይታያሉ። ሕፃኑ ሲጠባ ግንባሩን ያልበዋል። ትንሽ ጠብቶ ያርፋል፣ እንደገና ይጀምራል፣ ሳይጠግብ ደክሞት ይተኛል። ለሕፃን ጡት መጥባት ማለት ለአዋቂ ዳገት እንደ መውጣት ነው። ልቡ የደከመ ሕፃን መጀመሪያ የሚሸነፈው እዚያ ነው። ክብደቱም አይጨምርም። በዚህ ጊዜ «ወተትሽ አይበቃውም» ተብሎ እናቲቱ ወደ ጣሳ ወተት ትገፋለች። ችግሩ ወተቱ ላይ ሳይሆን የመጥቢያ ጉልበቱ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምልክት ቀለም ነው። አንዳንድ ጉድለቶች ኦክስጅን ያላገኘ ደም በቀጥታ ወደ ሰውነት እንዲያልፍ ያደርጋሉ። በብዛት የሚታወቀው ፋሎት የሚባለው ነው፤ አራት ጉድለቶች በአንድ ላይ የሚገኙበት። ይህ ደም የሚያመጣው ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁረት በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ በፊት አይለይም። ምላስና ድድ ነው የሚታየው። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ጥቂት ሮጦ ቁጢጥ ይላል። ጓደኞቹ ሰነፍ ይሉታል። እሱ ግን ቁጢጥ ሲል ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ይቀለዋል። ሰውነቱ ራሱ ያገኘው ዘዴ ነው። እንዲህ ዓይነት ሕፃን በድንገት ሲጠቁርና ሲያለቅስ ጉልበቶቹን ወደ ደረቱ አጥፎ ማቀፍ ይረዳል፤ ግን ወደ ሆስፒታል እየሮጡ ነው።

ቁርጡን የሚናገረው ኢኮ ነው። ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው። አያምም፣ ጨረርም የለውም። ግድግዳውን፣ በሮቹን፣ ደሙ ወዴት እንደሚፈስ ያሳያል። ችግሩ የሕፃን ልብ ኢኮ የሚያነብ ባለሙያ በአብዛኛው ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው።

የጊዜው ጉዳይ ቀላል አይደለም። ትልቅ ቀዳዳ ሳይዘጋ ከቆየ የሳንባ ደም ሥሮች በግፊቱ እየደነደኑ ይሄዳሉ። በአንዳንድ ልጆች ከ2 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ጉዳቱ የማይመለስበት ደረጃ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ አደገኛ ይሆናል። አንዳንድ ቤተሰብ ገንዘብ አሰባስቦ ሲጨርስ «አሁን አይሠራም» የሚባለው ለዚህ ነው።

በተወለደበት ቀን ማወቅ ይቻላል?

በከፊል አዎ። በኮሮና ጊዜ ብዙ ሰው የተዋወቀው ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ለዚህም ይሠራል። ሕፃኑ 24 ሰዓት ሲሞላው በቀኝ እጁና በአንድ እግሩ ይለካል። ውጤቱ ዝቅ ካለ ወይም የእጅና የእግሩ ከተራራቀ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግለታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን በአገር አቀፍ የሕፃናት ምርመራ ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። እዚያ የሚወልዱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚያዩት ነገር ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ ሁለት ነገር ይገጥመናል። አንደኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ከፍታ የጤነኛ ሕፃን ኦክስጅንም ከቆላው ዝቅ ይላል። በቆላ አገር የተቀመጠውን መለኪያ እንዳለ ማምጣት ብዙ ጤነኛ ሕፃናትን በሽተኛ ያስብላል። ለደጋው የተስተካከለ ቁጥር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክርክር ከባድ ነው። «ማከም ካልቻልን ለምን ፈልገን እናገኛለን?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁሉም ጉድለት ውስብስብ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። ከተወለደ በኋላ ሳይዘጋ የቀረ የደም ሥር ብዙ ጊዜ በእግር ደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይዘጋል፤ ደረት አይከፈትም። ወረፋ የሚጠብቀውም ልጅ ቢሆን የልብ ድካም መድኃኒት፣ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ እና ክትባት ዕድሜ ይገዙለታል። «ልቡ ደካማ ነው፣ መርፌ አይችልም» ብሎ ክትባት ማስቀረት ትልቅ ስሕተት ነው። የሳንባ ምችና የኩፍኝ ክትባት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ልጅ ነው።

ቶንሲል ልብ ላይ የሚደርሰው እንዴት ነው?

አሁን ወደ ሁለተኛው በሽታ። «ቶንሲል ወደ ልብ ይወርዳል» የሚለው አባባል ከጉሮሮ ወደ ደረት የሚወርድ ነገር ያለ ያስመስላል። የሚወርድ ነገር የለም። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ያቆስላል። ሰውነት ይዋጋዋል። የባክቴሪያው አካል ግን ከልባችን ሕብረ ሕዋስ ጋር ተመሳስሎ ስላለው፣ በአንዳንድ ልጆች መከላከያው ተሳስቶ የራሱን ልብ ይወጋል። ይህ የሚሆነው ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ ያተኩሰዋል። ጉልበቱ ያብጣል፣ ይሻለዋል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ይቀጥላል። ቁርጥማት የሚባለው ለዚህ ነው። መገጣጠሚያው ይድናል። የልብ በር ወይም ቫልቭ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን ላይጠፋ ይችላል፤ በሽታው በተደጋገመ ቁጥርም ይብሳል።

በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ከ3 ዓመት በታች እምብዛም አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ የልብ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ፣ በዓመት ወደ 360,000 እንደሚሞቱ ይገምታል። ከሞላ ጎደል የድሃ አገሮች በሽታ ነው። በጠባብ ቤት ብዙ ሰው አብሮ ሲተኛ ባክቴሪያው በቀላሉ ይተላለፋል።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም። ባክቴሪያው እንጥል ላይ የሚኖር ነገር አይደለም። ይልቁንም ቁስሉ ይደማል፣ ያመረቅዛል። ልቡ ላይ ጉድለት ላለበት ልጅ ደግሞ ባልተቀቀለ ምላጭ የተከፈተ ቁስል ባክቴሪያን ወደ ደም ማስገቢያ በር ነው። የወተት ጥርስ ማስነቀልም እንዲሁ።

የሚከላከለው ፔኒሲሊን ነው። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ የቁርጥማት ትኩሳቱን ያስቀራል። ወይ አንድ ጊዜ የሚወጋ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን፣ ወይ ለ10 ቀን የሚዋጥ። በሦስተኛው ቀን «ተሻለው» ብሎ ማቆም ነው ብዙውን የሚያበላሸው።

ለሁሉም የጉሮሮ ሕመም ታዲያ ፔኒሲሊን ይሰጥ? እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። ጉሮሯቸውን ከታመሙ 10 ልጆች ስትሬፕቶኮከስ ያለባቸው 2 ወይም 3 ያህሉ ናቸው። የቀሩት ቫይረስ ነው፤ ማርና ፈሳሽ ነገር ይበቃቸዋል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። መድኃኒት መላመድን የሚፈሩት «ተመርምሮ ይሰጥ» ይላሉ። «ምርመራው በሌለበት መጠበቅ ልብ ያስከፍላል» የሚሉም አሉ። መካከለኛው መንገድ ምልክት ማየት ነው። ትኩሳት ካለው፣ ጉሮሮው ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ አንገቱ ሥር ዕጢው አብጦ ካመመው፣ ሳልና ንፍጥ ደግሞ ከሌለው ወደ ባክቴሪያ ያመዝናል። በሽታው በተስፋፋበት አካባቢ እንዲህ ላለው ልጅ ማከሙ የሚያዋጣ ይመስለኛል። ሳልና ንፍጥ ላለበት ሁሉ ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን መግዛት ግን ማንንም አይጠቅምም።

የ28 ቀኑ መርፌ

አንዴ በቁርጥማት ትኩሳት የተያዘ ልጅ እንደገና የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛታይን ይወጋል። ለዓመታት። ልቡ ከተነካ ደግሞ እስከ ጉልምስና ሊቀጥል ይችላል። መርፌው ያማል። ትምህርት ያስቀራል። ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ የትራንስፖርቱ ወጪ ከመድኃኒቱ ይበልጣል።

ጥቅሙን ያሳየ ጥናት ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ መጥቷል። በሰሜን ኡጋንዳ ምልክት ሳይኖራቸው በሽታው በኢኮ የተገኘባቸው 818 ልጆች ለሁለት ተከፍለው 2 ዓመት ተከታትለዋል። መርፌ ከወሰዱት ውስጥ በሽታው የባሰባቸው 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል።

ፍርሃቱም ግን መሠረት አለው። መርፌውን ተወግተው በደቂቃዎች ውስጥ የሞቱ ታማሚዎች አሉ። በዚህ ምክንያት መርፌውን ለመስጠት የሚያቅማማ ባለሙያ ይገኛል። ለረጅም ጊዜ ሁሉም ሞት «የመድኃኒት አለርጂ» ተብሎ ሲጻፍ ቆየ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ግን፣ ብዙዎቹ ሞቶች የተከሰቱት ልባቸው ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ እንደሆነና ምክንያቱም ከአለርጂ ይልቅ የደከመው ልብ ሕመሙንና ድንጋጤውን አለመቋቋሙ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ለእነዚህ ሰዎች የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይሻላል አለ። ሌሎቹ ደግሞ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ተኝተው ቢወጉ ይመከራል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ፍርሃቱ በጥቅሉ ከተወሰደ መርፌው የሚያድናቸው ብዙኃኑ ልጆች ይቀራሉ።

ወረፋው

ሁለቱ በሽታዎች የሚገናኙት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ላይ። የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ ተመሠረተ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ። ለዓመታት ቀዶ ሕክምናው ከውጭ በሚመጡ ቡድኖች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ራሳቸው ይሠራሉ። ወረፋው ግን አሁንም በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያሉበት ነው። ልብን ተክቶ ደም የሚያዘዋውረው ማሽን ለእያንዳንዱ ልጅ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ዕቃ ይፈልጋል። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ዕቃው ሲያልቅ ሐኪሙ እያለ ሥራው ይቆማል።

ወደ ውጭ መላክስ? እ.ኤ.አ. በ1995 በእስራኤል የተመሠረተው «የሕፃን ልብ አድን» ድርጅት በሆሎን በሚገኘው ዎልፍሰን ሕክምና ማዕከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን አክሟል፤ ሐኪሞችንም አሠልጥኗል። ውስብስብ ጉድለት ላለባቸው ሕፃናት ይህ በር ክፍት መሆን አለበት። ነገር ግን ለአንድ ልጅ የአውሮፕላን፣ የመኖሪያና የሆስፒታል ወጪ የሚሰበሰበው ገንዘብ አገር ውስጥ ከአንድ በላይ ልጅ ሊያሳክም ይችላል። ለጋሽ ወገን በተለይ ከዲያስፖራው ሲያዋጣ «ይህ ልጅ እዚህ መታከም አይችልም ወይ?» ብሎ መጠየቁ ክፋት አይደለም።

ልዩነቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ይቀጥላል። በጊዜው ቀዳዳው የተዘጋለት ሕፃን ብዙውን ጊዜ ጤናማ ኑሮ ይኖራል፤ በየጊዜው መታየት ይበቃዋል። ቫልቩ በብረት የተተካ ልጅ ግን ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፣ ደሙንም በየጊዜው ያስመረምራል። ያልተመረመረ ቀን መድኃኒቱ ወይ ያንሳል፣ ቫልቩም ደም ይረጋበታል፤ ወይ ይበዛል፣ ልጁም ይደማል። ሴት ልጅ ከሆነች ሌላ ጣጣ አለ። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስን ይጎዳል። በ11 ዓመቷ ቫልቭ የተተካላት ልጅ በ20ዎቹ ዕድሜዋ ስታገባ ይህን የሚነግራት ሰው መኖር አለበት። የሕፃናት ክፍል ክትትሏ ካበቃ ቆይቷል፤ የአዋቂዎቹን ክፍል ደግሞ ላታውቀው ትችላለች። ማርገዟን ካወቀች በኋላ ወደ ሐኪም ብትሮጥ እንኳ መድኃኒቱ ፅንሱ ዘንድ ቀድሟት ደርሷል።